«አሠራሩን አሳይ!»፦ ያልታወቀውን ቁጥር የመፈለግ ጥበብ ታሪክ

በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሒሳብ ጥያቄ የሠራ ሰው ሁሉ «አሠራሩን አሳይ!» የምትለውን ትእዛዝ ያስታውሳታል። መልሱን በትክክል የጻፈ ተማሪ እንኳ ከእሷ አያመልጥም። «መልሱ ልክ ከሆነ ሌላ ምን ይፈለጋል?» እያለ በሆዱ ያጉረመርማል እንጂ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። መምህሩም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን ሲያስረዳ አይሰማም፤ እሱም በተራው ከመምህሩ የሰማውን ነው የሚደግመው።

ትእዛዟ ግን አንድ ቁጡ መምህር ያመጣት ጣጣ አይደለችም። ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አላት። በዚህ ታሪክ ውስጥ የፈርዖን ዘመን ጸሐፊ፣ የባግዳድ ሊቅ፣ የእኛዎቹ የባሕረ ሐሳብ መምህራን፣ በምስጢር የተጣሉ ጣሊያናውያንና አንድ የለንደን ባለ ሱቅ ይገኙበታል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከታወቀው ተነስቶ ያልታወቀውን ደረጃ በደረጃ ማግኘት የሚቻለው እንዴት ነው? የተገኘው መልስ እውነት መሆኑንስ ከሠሪው ሌላ ማን ሊመሰክር ይችላል? ፈለጋቸውን በአጭሩ እንከተል። አንባቢም እርሳስና ወረቀት አጠገባቸው ቢያስቀምጡ ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም።

የአህሜስ ክምር

አሌክሳንደር ሄንሪ ራይንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሕግ ሰው ለጤናው ሲል ሞቃት አየር ፍለጋ ወደ ግብፅ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 ሉክሶር ውስጥ አንድ የተቀዳደደ የፓፒረስ ጥቅል ገዛ። ራይንድ በ1863 ከሞተ በኋላ ጥቅሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። ሊቃውንት ሲያነቡት የጸሎት መጽሐፍ ወይም የነገሥታት ዜና መዋዕል ሆኖ አልተገኘም። የሒሳብ ደብተር ነበር።

የጻፈው አህሜስ የተባለ ጸሐፊ ሲሆን ዘመኑም በ1550 ገደማ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። አህሜስ ሐቀኛ ሰው ነበረ ማለት ይቻላል፤ ሥራውን የራሱ አላደረገውም። ከእሱ በፊት ከነበረ፣ በንጉሥ ሦስተኛ አመነምሐት ዘመን ከተጻፈ አሮጌ ጽሑፍ የገለበጠው መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። በውስጡ ከሰማንያ በላይ ጥያቄዎች አሉ። ዳቦ ለሠራተኞች ስለማከፋፈል፣ ስለ ጠላ ጥንካሬ፣ ስለ ጎተራ ይዘት፣ ስለ እርሻ ስፋት የሚጠይቁ ናቸው። የመንግሥት ጸሐፊ ለመሆን የሚማር ወጣት ሊያውቀው የሚገባው ሁሉ ነው።

ከእነዚህ መካከል 24ኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል ማለት ይቻላል፤ አንድ ክምር ከሰባተኛ እጁ ጋር ሲደመር 19 ይሆናል፤ ክምሩ ስንት ነው? ዛሬ ያልታወቀውን ቁጥር በአንድ ፊደል እንደምንወክል ሁሉ፣ ግብፃውያን «ክምር» ወይም «ብዛት» የሚል ቃል ነበራቸው።

የአህሜስ አፈታት ገራሚ ነው። በግምት ይጀምራል፤ ያውም ትክክል አለመሆኑን እያወቀ። «ክምሩ 7 ነው እንበል» ይላል። 7ን የመረጠው ሰባተኛ እጁ ያለ ሽርፍራፊ 1 ስለሚሆንለት ነው። 7 እና 1 ሲደመሩ 8 ይሆናሉ። የተፈለገው ግን 19 ነው። ስለዚህ 8 ስንት ጊዜ ቢወሰድ 19 ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ 8፣ 16 ነው፤ የ8 ሩብ 2 ነው፤ የ8 ስምንተኛ እጅ 1 ነው። 16፣ 2 እና 1 ሲደመሩ 19 ሆኑ። እንግዲህ 8 የሚወሰደው ሁለት ጊዜ ከሩብ ከአንድ ስምንተኛ ነው። ግምቱ 7 ስለነበረ ያንኑ ያህል ማብዛት ነው፤ 7 በዚህ ሲባዛ 16 ከግማሽ ከአንድ ስምንተኛ ይሆናል። ክምሩ ተገኘ።

አህሜስ ግን እዚህ ላይ ብዕሩን አላስቀመጠም። የክምሩ ሰባተኛ እጅ 2 ከሩብ ከአንድ ስምንተኛ ነው ብሎ ከክምሩ ጋር ደመረው። 16 እና 2፣ 18 ናቸው። ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛና ስምንተኛ አንድ ላይ 1 ይሞላሉ። ድምሩ 19። አንባቢም እዚሁ ሠርተው ሊያዩት ይችላሉ። ጸሐፊው ከሞተ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላ እኛ እሱን ማመን አላስፈለገንም፤ መዝነን ተቀበልነው። አሠራርን የማሳየት ትልቁ ጥቅም ከዚህ የመጀመሪያ ምስክር ላይ ጎልቶ ይታያል። የመልሱ እውነትነት በጸሐፊው ሹመት ወይም ሽበት ላይ አልተንጠለጠለም።

ምክንያቱ ያልተጻፈ ትእዛዝ

ከአህሜስ ቀደም ብሎ በመስጴጦምያ ምድር፣ በባቢሎናውያን ዘንድ፣ ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ ጥያቄ በሸክላ ጽላት ላይ ይሠራ ነበር። በብሪቲሽ ሙዚየም ከሚገኙት ከእነዚህ ጽላቶች አንዱ የሚከፈተው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ የአንድ አራት ማዕዘን ካሬ ስፋትና የጎኑ ርዝመት ሲደመሩ ሦስት አራተኛ ይሆናሉ፤ ጎኑ ስንት ነው?

ትእዛዙ ለተማሪው በቀጥታ የተሰጠ ነው። 1ን ውሰድ፤ ለሁለት ክፈለው፤ ግማሽ ይሆናል። ግማሽን በግማሽ አባዛ፤ ሩብ ነው። ሩብን ከሦስት አራተኛ ጋር ደምር፤ 1 ይሆናል። በራሱ ተባዝቶ 1 የሚሰጠው 1 ነው። ከዚህ ላይ ግማሹን ቀንስ፤ ግማሽ ይቀራል። ጎኑ ግማሽ ነው። እንፈትሸው፤ የካሬው ስፋት ሩብ፣ ጎኑ ግማሽ፣ ድምሩ ሦስት አራተኛ። ልክ ነው።

ነገር ግን «ለምን ግማሹን ወሰድኩ? ለምን በራሱ አባዛሁት?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ጽላቱ ዝም ይላል። በዘመናችን ጽላቶቹን መርምረው ያጠኑ ሰዎች ከትእዛዙ በስተኋላ የካሬ ሥዕል እየቆረጡ መቀጠል እንደነበረ ከቃላቱ አስተውለዋል። መምህሩ ምናልባት በቃሉ ያስረዳ ነበር። በሸክላው ላይ የቀረው ግን ትእዛዙ ብቻ ነው። ደረጃው ተጻፈ፤ የደረጃው ምክንያት ከመምህሩ ጋር ተቀበረ።

ወጌሻው ሊቅ

ምክንያቱን ከትእዛዙ ጎን አስቀምጦ ለዓለም ያበረከተው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኽዋሪዝሚ ነው። ከ813 እስከ 833 እ.ኤ.አ. በነገሠው በኸሊፋ አል መእሙን ዘመን በባግዳድ ይሠራ ነበር። በ820 ገደማ የጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ውስጥ «አል ጀብር» እና «አል ሙቃበላ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ዛሬ ተማሪውን ሁሉ የሚያስፈራው «አልጀብራ» ከመጀመሪያው ቃል የመጣ ነው።

የቃሉ ትርጉም ግን ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ጀብር ማለት የተሰበረን መጠገን፣ የጎደለን መመለስ ነው። አጥንት ሲሰበር የሚጠግነው ሰው ሥራም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ በእኛ አገር ወጌሻ የምንለው ማለት ነው። ቃሉ ከዐረቦች ጋር ወደ እስፓኝ ሲሻገር ሁለቱንም ትርጉም ይዞ ነው የሄደው። በሰርቫንቴስ «ዶን ኪኾቴ» ሁለተኛ ክፍል (1615) ውስጥ ጎድኑ የተጎዳ ሰው የሚወሰደው ወደ «አልጀብሪስታ»፣ ማለትም ወደ ወጌሻ ዘንድ ነው።

የሒሳቡ ወጌሻ ሥራ ምን ይመስላል? ከ10 ላይ አንድ ነገር ተቀንሶ 4 ቀረ እንበል። 10 «ተሰብሯል»፤ ከላዩ ላይ የጎደለ ነገር አለ። ጀብር ማለት ያን የጎደለውን ለ10 መልሶ፣ በዚያው መጠን በ4ም ላይ መጨመር ነው። ያን ጊዜ 10 ከ4 እና ከነገሩ ድምር ጋር እኩል ይሆናል። ሙቃበላ ደግሞ ፊት ለፊት ማስተያየት ነው፤ ከሁለቱም ወገን 4 ሲነሳ በአንድ ወገን 6፣ በሌላው ወገን ነገሩ ብቻ ይቀራል። ነገሩ 6 ነው። አል ኽዋሪዝሚ ያልታወቀውን የሚጠራው እንዲሁ «ነገር» እያለ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ የእኛ ዘመን ምልክቶች የሉም፤ ሁሉም ነገር በቃላት ተጽፏል።

ሊቁ ጥያቄዎችን በስድስት ዓይነት መድቦ ለእያንዳንዱ መንገድ አበጀለት። ታዋቂው ምሳሌው ይህ ነው፤ የአንድ ነገር ካሬና አሥር እጥፉ ሲደመሩ 39 ይሆናሉ። የአሥርን ግማሽ ውሰድ፣ 5 ነው። በራሱ አባዛው፣ 25 ነው። በ39 ላይ ደምረው፣ 64 ይሆናል። በራሱ ተባዝቶ 64 የሚሰጠው 8 ነው። ከእሱ ላይ 5 ቀንስ፣ 3 ይቀራል።

እስከዚህ ድረስ ከባቢሎናዊው ትእዛዝ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ አል ኽዋሪዝሚ ሥዕል ያወጣል። ጎኑ ያልታወቀ አንድ ካሬ ይሥላል። ከካሬው በሁለት ጎኖች ወርዳቸው አምስት አምስት የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያስጠጋል። የሦስቱ ስፋት አንድ ላይ 39 ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው በአንዱ ማዕዘን ላይ ጎደሎ ቦታ እንዳለ ያስተውላል፤ አምስት በአምስት የሆነ ትንሽ ካሬ። ያ ጎደሎ 25 ነው። ሲሞላ ትልቅ ካሬ ይወጣል፤ ስፋቱም 64፣ ጎኑም 8 ነው። ከ8 ላይ የቁራጩ ወርድ 5 ሲነሳ 3 ይቀራል። «ለምን በራሱ አባዛሁት?» ለሚለው ተማሪ መልሱ በዓይን የሚታይ ሆነ፤ ጎደሎውን ማዕዘን ለመሙላት ነው። ወጌሻው አጥንቱን ጠገነው።

ይህን ሁሉ ያደረገው ለሊቃውንት መዝናኛ አልነበረም። ከመጽሐፉ እኩሌታ የሚበልጠው ስለ ውርስ ነው። አንዱን እንይ። አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድ ልጅና ሦስት ሴቶች ልጆች ትታ ሞተች። ለአንድ ባዕድ ሰው ደግሞ ከሀብቷ አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ተናዛለች። በእስልምና የውርስ ሕግ መሠረት ባልየው ከወራሾች ድርሻ ሩቡን ይወስዳል፤ ከቀሪው ወንዱ ልጅ የእያንዳንዷን ሴት ልጅ እጥፍ ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል?

በቅድሚያ የወራሾቹን ድርሻ ለብቻ እንይ። ሀብቱ 20 እጅ ቢሆን ባል 5፣ ወንድ ልጅ 6፣ ሴቶቹ ሦስት ሦስት ይወስዳሉ፤ ድምሩ 20 ነው። ቀጥሎ ኑዛዜው፤ አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ሲደመሩ ከ56 እጅ 15 እጅ ይሆናሉ። ለወራሾች የሚቀረው 41 እጅ ነው። 41 ለ20 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል ሁሉንም በ20 ማብዛት ነው፤ 56 በ20፣ 1,120 ይሆናል። ባዕዱ 300፣ ባል 205፣ ወንድ ልጅ 246፣ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው 123። ይደምሩት፤ 1,120 ይመጣል።

በለቅሶ ቤት፣ ንብረት ሊካፈሉ በተቀመጡ ሰዎች መካከል፣ መልሱን ብቻ የሚናገር ሽማግሌ ጠብ ያስነሳል። እያንዳንዷን እርምጃ ቆጥሮ የሚያሳይ ግን፣ በጣም ትንሹን ድርሻ ያገኘችው ልጅ እንኳ እንዳልተበደለች ራሷ እንድትፈርድ ዕድል ይሰጣታል። እ.ኤ.አ. በ1145 ሮበርት ዘቼስተር መጽሐፉን ሴጎቪያ ከተማ ውስጥ ወደ ላቲን መለሰው። የሊቁ ስም በላቲን አፍ ተሰባብሮ «አልጎሪትም» የሚለው ቃል ወጣበት። ዛሬ ኮምፒዩተር ሁሉ የሚመራበት፣ ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ ትእዛዝ በባግዳዱ ሰው ስም ይጠራል።

በእኛ ቤት፦ ባሕረ ሐሳብ

ወደ አገራችን ስንመለስ ደረጃ በደረጃ የመቁጠር ጥበብ ባዕዳችን ሆኖ አያውቅም። በዓላትንና አጽዋማትን የምናወጣበት ባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጥ ሲሆን፣ አሠራሩ ፍጹም የሆነ የሒሳብ መንገድ ነው። አብነት እንዲሆነን 2000 ዓ.ም.ን፣ የሚሊኒየሙን ዓመት፣ እንውሰድ።

ዓመተ ምሕረቱን በዓመተ ኩነኔው በ5,500 ላይ ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7,500 ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍል 1,875 ይደርሳል፤ መጠነ ራብዒት የሚባለው ይህ ነው። ቀሪ ስለሌለ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን እንደምር፤ 9,375። ለ7 እናካፍል፤ 1,339 ጊዜ ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ዕለቱ ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ ነው። እንግዲህ የ2000 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ዋለ። ያን ቀን የሚያስታውስ ሁሉ ምስክር ነው።

ትእዛዙ ልክ ነው። ምክንያቱስ? አንድ ዓመት 365 ቀን ነው። ከዚህ ውስጥ 52 ሳምንት፣ ማለትም 364 ቀን ሲወጣ 1 ቀን ይተርፋል። ስለዚህ ዓመት በተለወጠ ቁጥር መስከረም 1 በአንድ ዕለት ወደፊት ይገፋል። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዕለት ይገፋል። ዓመተ ዓለሙ እያንዳንዱን ዓመታዊ ግፊት ይቆጥራል፤ መጠነ ራብዒቱ የጳጉሜን 6ን ግፊት ይቆጥራል። ሁለቱ ተደምረው በሰባት የሚገደፉት ሳምንት ሰባት ቀን ስለሆነ ነው።

አበቅቴና መጥቅዕም እንዲሁ ናቸው። 7,500 ለ19 ሲካፈል 14 ይቀራል፤ ስለ ዘመን አንድ ሲነሳለት ወንበሩ 13 ይሆናል። 13 በ11 ተባዝቶ 143፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 23 ነው። 13 በ19 ተባዝቶ 247፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 7 ነው። 23 እና 7 ሲደመሩ 30 ይሞላሉ። መምህራን አበቅቴና መጥቅዕ ምን ጊዜም 30 መሙላታቸውን እንደ መፈተኛ ይይዙታል፤ አህሜስ ክምሩን መልሶ እንደመዘነው ማለት ነው። 11 ቁጥር ከየት መጣ ቢሉ፣ 365 ቀን ካለው የፀሐይ ዓመት ላይ 354 ቀን ያለው የጨረቃ ዓመት ሲነሳ የሚተርፈው ነው። 19ኙ ደግሞ 11ን 30 ለመሙላት የጎደለው ነው።

አዋጁን በቃሉ የያዘ ሰው በዓሉን ሳይስት ያወጣል። 11ኙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ግን፣ አዋጁ ቢጠፋበት እንኳ ቁጭ ብሎ መልሶ ይሠራዋል። በቃል ይዞ ማውጣት የጥበቡ በር ነው፤ ቤቱ ከበሩ ወዲያ ነው።

ምስጢር ሲሆን

አሠራርን መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን እንሻገር። በዚያን ዘመን የሒሳብ ሊቃውንት በአደባባይ እየተገጣጠሙ ጥያቄ ይወራወሩ ነበር። ያሸነፈ ተማሪና ሹመት ያገኛል፤ የተሸነፈ ይዋረዳል። ስለዚህ አዲስ የአፈታት መንገድ ያገኘ ሰው እንደ መሣሪያ ይሸሽገዋል። የቦሎኛው ሺፒዮኔ ዴል ፌሮ ሦስት ጊዜ በራሱ የተባዛ ነገር ያለበትን አንድ ዓይነት እኩልታ የሚፈታበት መንገድ አግኝቶ ሳያሳትመው በ1526 ሞተ። ምስጢሩን ከነገራቸው አንዱ ተማሪው አንቶኒዮ ማሪያ ፊዮር ነበር።

ፊዮር ይህን መሣሪያ ታጥቆ በ1535 ታርታሊያ የተባለውን የቬኒስ መምህር ገጠመ። «ታርታሊያ» ቅጽል ስም ነው፤ ተንተባታቢ ማለት ነው። በ1512 የፈረንሳይ ጦር ብሬሻ ከተማን ሲወር ገና ልጅ ሳለ ፊቱን በሰይፍ ተመትቶ አንደበቱ ተጎድቶ ነበር። ሁለቱ ሠላሳ ሠላሳ ጥያቄ ተለዋወጡ። የፊዮር ሠላሳዎቹም ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሌላ አያውቅማ! ታርታሊያ ቀነ ቀጠሮው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንገዱን በራሱ አገኘውና ሁሉንም ፈታ። የተማረውን ብቻ የያዘው ፊዮር ከታርታሊያ ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ፊት ተደናገረ።

ታርታሊያም በተራው ደበቀው። የሚላኖው ሐኪም ጂሮላሞ ካርዳኖ ለምኖ፣ ምሎ ተገዝቶ በ1539 በግጥም መልክ ተቀበለው። ኋላ ካርዳኖ ከዴል ፌሮ ወረቀቶች ዘንድ ያንኑ መንገድ ሲያገኝ ከመሐላው ነጻ የወጣ መሰለውና በ1545 አሳተመው፤ የዴል ፌሮንም የታርታሊያንም ስም ጠቅሷል። ታርታሊያ እስኪሞት ይቅር አላለውም። በሐዘኑ ልንካፈል ይገባል፤ የተማመለ ሰው ከዳው። ሆኖም በምስጢርነቱ ዘመን አንዱ ለአንዱ ማጥቂያ የነበረው መንገድ ከታተመ በኋላ የሁሉም መነሻ ሆነ፤ በዚያው በካርዳኖ መጽሐፍ ውስጥ ተማሪው ፌራሪ ያገኘው ቀጣዩ እርምጃ ጭምር ወጣ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈጣን ነው። ዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ በ1557 የእኩል ምልክትን፣ ሁለቱን ትይዩ መስመሮች፣ አስተዋወቀ። ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ቪዬት በ1591 ቁጥሮችን በፊደላት መወከልን አስለመደ። ዴካርት በ1637 ላልታወቁት የመጨረሻዎቹን የላቲን ፊደላት መደበላቸው። በእነዚህ ምልክቶች አማካይነት የአል ኽዋሪዝሚ አንድ ገጽ ዐረፍተ ነገር አራት አጫጭር መስመር ሆነ። ዛሬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምናየው ይህ ነው።

የባለ ሱቁ ቆጠራ

ያልታወቀው ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ክምር ወይም አንድ ጎን ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ አንድ ከተማ ሙሉ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ነዋሪ ስንት እንደሆነ የቆጠረ ሰው አልነበረም፤ ታላላቅ ሰዎች ግን ሚሊዮኖች እንደሆነ ያወሩ ነበር። ጆን ግራውንት ጨርቃ ጨርቅና ቁልፍ መሳይ ነገሮች የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። የከተማው አጥቢያዎች በየሳምንቱ የሚያወጡትን የሞትና የክርስትና መዝገብ ሰብስቦ በ1662 አንድ መጽሐፍ አሳተመ።

አሠራሩ እነሆ። በዓመት የሚወለዱት 12,000 ያህል ናቸው። በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት በሁለት ዓመት አንዴ ትወልዳለች ቢባል እንዲህ ያሉ ሴቶች 24,000 ይሆናሉ። ቤተሰቦች የእነዚህ እጥፍ ናቸው ብንል 48,000። በአንድ ቤት ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆች፣ ሦስት አሽከሮች ወይም ተከራዮች፣ በድምሩ 8 ሰው ቢኖር፣ 48,000 በ8 ሲባዛ 384,000 ይሆናል።

ግራውንትም እንደ አህሜስ ሥራውን በሌላ መንገድ መዘነው። በአንዳንድ አጥቢያዎች ቤተሰቦችን አስቆጥሮ ከ11 ቤተሰብ በዓመት 3 ሰው እንደሚሞት አገኘ። በከተማው በዓመት 13,000 ያህል ሰው ይሞታል። ስንት ቤተሰብ ቢኖር ነው ይህን ያህል የሚሞተው? 13,000 በ11 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል ወደ 48,000 ይጠጋል። በልደት በር የገባው ቁጥርና በሞት በር የገባው ቁጥር ተገናኙ።

እያንዳንዷ እርምጃ ልትነቀፍ ትችላለች። «በእኛ ሰፈር በአንድ ቤት ስምንት ሰው የለም» የሚል ሰው 8ን በ6 ተክቶ ራሱ መሥራት ይችላል። ግራውንትም መነሻዎቹን ያሳተመው ሌሎች እንዲያርሙትና የራሳቸውን ድምዳሜ እንዲያወጡ መሆኑን ገልጿል። «ሚሊዮኖች ናቸው» የሚለውን ወሬ ግን ማረም አይቻልም፤ መነሻ የለውማ። ዩኒቨርሲቲ ያልረገጠው ባለ ሱቅ በንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ድጋፍ ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባልነት በቃ። ለዚህ ያበቃው ወገንም ማዕረግም አልነበረም፤ እያንዳንዱ አንባቢ ሊፈትሸው የሚችል አሠራር ነው።

የእኛ ጉዳይ

ይህ ሁሉ ከዛሬው የከተማ ሰው ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ ብዙ ነው። «የሠራተኞቻችን አማካይ ደመወዝ 20,000 ብር ነው» የሚል ድርጅት ቢያጋጥመን አሠራሩን እንጠይቅ። አምስት ሠራተኞች አሉ እንበል፤ አራቱ ስድስት ስድስት ሺህ፣ አለቃቸው 76,000 ያገኛሉ። ድምሩ 100,000፤ ለአምስት ሲካፈል 20,000። አማካዩ ልክ ነው፤ 20,000 የሚያገኝ ሰው ግን በቤቱ የለም። ደመወዛቸውን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ደርድረን መሐል ላይ የሚውለውን፣ ማለትም ሦስተኛውን ብናይ 6,000 ነው። አንድም ቁጥር አልተዋሸም፤ አሠራሩ ስላልታየ ብቻ ሰሚው ተታለለ።

ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናችን ተማሪው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ ብሎ የሚመርጥበት ነው። ምርጫን ብቻ የሚቀበል ፈተና አሠራር አያይም። ባለፉት ዓመታት የፈተና ስርቆትና ኩረጃ ሲበረታ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ ተደረገ። ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ውጤት ጦርነቱ፣ ወረርሽኙ፣ የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም በአንድ ምክንያት መጠቅለል ራሱ የአሠራር ጉድለት ነው። ነገር ግን ፊደሏን ብቻ ሲያድን የኖረ ተማሪ፣ ፊደሏ በጎረቤቱ ወረቀት ላይ ሳትገኝ ስትቀር በእጁ ምንም አይቀርም። ፊዮር ሠላሳዎቹን ጥያቄዎች ይዞ እንደመጣው ማለት ነው።

ለመምህራንና ለወላጆች ታሪኩ የሚያቀብለው ነገር ቀላልና ርካሽ ነው። ልጁ 16 ከግማሽ ከአንድ ስምንተኛ ብሎ ሲመልስ «ልክ ነው» ብሎ ከማለፍ፣ «ሰባተኛ እጁን ደምርበትና አሳየኝ» ማለት። ሲሳሳትም «ተሳስተሃል» ከማለት በፊት መንገዱን አብሮ መልሶ መውረድና የተሰናከለባትን አንዲት ደረጃ መፈለግ። ለዚህ ኮምፒዩተርም፣ ውድ መጽሐፍም አያስፈልግም። አንድ እርሳስ፣ አንድ ወረቀትና ልጁን እስኪጨርስ የሚጠብቅ ትዕግሥት ይበቃል።